ስድስት ሰደርያ

ግንቦት 1976 ዓ.ም.፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በቀጨኔው የሸማኔዎች ማኅበር አዳራሽ የተገኘነው ሰባት አባላትና ቀድሞ በባሕር ኃይል ያገለገሉት አሠልጣኛችን ጓድ ይገዙ ነበርን። በማግስቱ እኛ አባላቱ ቢሾፍቱ ወርደን ሐይቁ ላይ በጀልባ ልንንሸራሸር ነው። እኔ ሐይቅ አይቼ አላውቅም፤ ሳምንቱን ሙሉ ጀልባ ላይ የምቀመጥበትን ሰዓት ሳስብ ሰነበትሁ።

ጓድ ይገዙ ወለሉ ላይ በጠመኔ ጀልባ ሣሉ።

«ያለ መንሳፈፊያ ሰደርያ ማንም አይሳፈርም። ማሰሪያው ካልጠበቀም እንደሌለ ይቆጠራል» አሉን።

ቋጠሮ ስለሚሆንልኝ ሰደርያዎቹን ከአንድ ሣጥን እያወጣሁ የሁሉንም ማሰሪያ እኔ አጠበቅሁ። የታሰረለት ሰው እየሳቀ በጠመኔ የተሣለው ጀልባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የመጨረሻዋ አፀደ ነበረች። የእሷን አስሬ ዘወር ስል ሣጥኑ ባዶ ነው።

«ዓምሃ፣ ግባ እንጂ! ገና በጠመኔው ፈራህ እንዴ?» አለች አፀደ።

«ሰደርያው አለቀ» አልሁ።

«ያሉን ስድስት ብቻ ናቸው» አሉ ጓድ ይገዙ።

ሳቁ ቆመ። ማሰሪያውን የፈታ ግን አልነበረም።

«እኔ ዳር ሆኜ ጫማችሁን እጠብቃለሁ» አልሁ። ተው ያለኝ የለም።

እሑድ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ስድስት ጥንድ ጫማ ጠበቅሁ።