ደርቤ አንድ ዓይኑን ያጣበት ቅዳሜ

አሥራ ሦስተኛው ሥዕል ላይ ሲደርስ ቢያዝን የደርቤን ግራ ዓይን ሳይስለው አለፈ።

አለሚቱ ቀለም መበጥበጧን ትታ ቀና አለች። ባሏ ብሩሹን ነክሮ ወደ አሥራ አራተኛው ተሻግሯል። እዚያም ደርቤ በጎኑ ቆሟል፤ ግማሽ ፊት፣ ግማሽ ጢም፣ አንድ ዓይን።

"አንተ፣ ሌላኛው ዓይኑ የት ሄደ?"

"በዚያ በኩል ነው።"

"በየት በኩል?"

"በማይታየው በኩል።"

"ደርቤ በጎኑ ቆሞ ያውቃል እንዴ?"

"አለሚቱ፣ ገና ሃያ ሰባት ሥዕል ይቀረኛል። ሰባት ሰዓት ላይ ሰው ይሰበሰባል። ከፊት ስስለው ሁለት ዓይን፣ ሁለት ቅንድብ፣ ሁለት ጆሮ ነው። በጎኑ ስስለው ሁሉም በግማሽ ያልቃል። ይልቅ ቀለሙን አቀብዪኝ።"

አቀበለችው። ባሏ ሲቸኩል ሒሳብ አዋቂ እንደሚሆን ታውቃለች።

ሥራቸው እንዲህ ነው። አርባ ሥዕል ተስሎ በረዥም አቡጀዲ ላይ ይለጠፋል፤ አቡጀዲው በሁለት ዱላ ላይ ይጠቀለላል፤ ዱላዎቹ ፊቱ ላይ መስኮት ካለው ትልቅ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ቢያዝን ከሳጥኑ ኋላ ሆኖ እጀታውን ያዞራል። አለሚቱ አጠገቡ ተቀምጣ የደርቤንም፣ የዳኛውንም፣ የአህያይቱንም ድምፅ ታወጣለች። ደርቤ ሲሮጥ እጀታው ይፈጥናል፤ ደርቤ ሲያስብ እጀታው ይቆማል። የደብረ ማርቆስ ሰው ሳጥኑን "ቴሌቪዥን" ይለዋል። እውነተኛውን ቴሌቪዥን በዓይናቸው ያዩት ግን ሁለቱን የቀጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹም አቶ ኃይለ ሚካኤል ብቻ ናቸው። እሳቸውም ያዩት አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ጠፍቶ ነው።

ደርቤ ከአህያው ጋር ከተማ እየገባ ሁሉም የሚያታልለው ገበሬ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደርቤን የያዘው ሕዝብ ለማስተማር ነው፤ ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ የመሳሰለውን። ትምህርቱ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሥዕሎች ላይ ሲሆን ገበያተኛውም በእነዚያ ሁለት ሥዕሎች ጊዜ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል።

መጀመሪያ በወር አንድ ጥቅል ነበር የሚወጣው። ያኔ ቢያዝን አንዱን ቀልድ ሦስት ቀን ይዞት ይዞራል፤ ከዚያ ለአለሚቱ ይነግራታል፤ ካልሳቀች ይጥለዋል። ሰው ደርቤን ሲወደው አቶ ኃይለ ሚካኤል በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሁን አሉ። የበለጠ ሲወደው በየሳምንቱ ቅዳሜ ይሁን አሉ። በየሳምንቱ መሆን ከጀመረ ወዲህ አህያይቱ አንዴ በአምስት እግር ወጥታለች፤ የዳኛውም ካባ ችሎት መሐል ቀለሙን ለውጧል። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቢያዝን ያን ሳቅ ሲሰማ ከሳጥኑ ኋላ አንገቱን ደፋ።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ አቶ ኃይለ ሚካኤል ቴሌግራም ይዘው መጡ።

"ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሰው ይመጣል። ለቴሌቪዥን የሚያስቅ ሥዕል የሚሠራ ይፈልጋሉ። ስለ ፈንጣጣ ክትባት አዲስ ጥቅል አዘጋጅ።"

"በሁለት ቀን፣ ጌታዬ?"

"ዛሬን ከቆጠርህ በሁለት ቀን ተኩል።"

"ያለፈውን ብናሳያቸውስ?"

"ባለፈው ላይ አህያዋ አምስት እግር አላት።" አቶ ኃይለ ሚካኤል ቴሌግራሙን አጠፉት። "ስማ ቢያዝን፣ ከሰኔ በኋላ ለሥዕል ክፍሉ በጀት የለም። ሰውዬው ከወሰደህ ወሰደህ። ካልወሰደህ ክፍሉ ይዘጋል፤ የምታድሩባትም ቤት ለዕቃ ማስቀመጫ ትፈለጋለች።"

ከዚያ ወዲህ ቢያዝን እህል የቀመሰው ብሩሽ ሲያጥብ ብቻ ነው።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የኔታ አካለ ወልድ ሰማያዊ ቀለም ሊለምኑ ብቅ አሉ። ቢያዝን ዘጠኝ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማረው ከእሳቸው ነው። አሁን የያዙት አንድ ግድግዳ አምስተኛ ዓመቱ ነው፤ መቼ ያልቃል ብሎ የጠየቃቸው የለም። አልጋው ላይ ተደርድረው የሚደርቁትን ሥዕሎች ጎንበስ ብለው አዩ።

"ይኼ ጋኔን ማነው?"

"ጋኔን አይደለም፣ የኔታ። ደርቤ ነው።"

"ደርቤ? ምን አጥፍቶ?"

"ምንም አላጠፋ። ጊዜ አጥሮኝ ነው።"

"ጊዜ ያጠረው ላንተ፤ እሱ ለምን ይቀጣል?"

የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጻድቅ ከፊት ይሳላል፤ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣንና ከሐዲ፣ ገራፊና ነፍሰ ገዳይ በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ይበቃቸዋል። ቢያዝን ራሱ በተማሪነቱ የሳላቸው ባለ አንድ ዓይን ጋኔኖች አንድ አጥቢያ ይሞላሉ።

"እሱ ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ የኔታ። ይኼ የገበያ ነገር ነው። እጀታውን ቶሎ ቶሎ ሳዞረው ማንም አያየውም።"

"ማንም ካላየው ለማን ነው የምትስለው?"

የኔታ ሰማያዊ ቀለማቸውን ተቀብለው ወጡ። በሩ ላይ ቆም ብለውም ዕለቱ ቀዳሚት ሰንበት መሆኑን አሳሰቡት።

"እውነታቸውን እኮ ነው" አለች አለሚቱ።

"አውቃለሁ" አለ ቢያዝን፤ ሃያኛውንም በጎኑ ሳለው።

ከሃያ እስከ ሠላሳ ደርቤ ይሮጣል። ለምን እንደሚሮጥ ቢያዝን አላሰበበትም። ሩጫ ከሆነ አንዱን ሥዕል እየደጋገሙ መገልበጥ ይቻላል፤ እንዲያ ነው ያሰበው። የመጨረሻው ሥዕል ሲለጠፍ ሙጫው ሳይደርቅ ሳጥኑን ተሸክመው ወጡ።

ገበያው ዳር ያለው ግቢ ሞልቷል። ከፊት ወንበር ላይ የአዲስ አበባው ሰው አቶ ምንይችል ተቀምጠዋል፤ አባታቸው የደምበጫ ሰው ቢሆኑም እሳቸው አዲስ አበባ አድገው ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ሰዓታቸውን ቶሎ ቶሎ የሚያዩ ወጣት ናቸው። በሩ አጠገብ ክትባት የሚሰጠው ድሬሰር ካሴ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ መርፌና መድኃኒቱን ደርድሮ ትርኢቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከሳጥኑ ፊት መሬት ላይ ደግሞ አልጣሽ ተቀምጣለች። አልጣሽ በየቅዳሜው ከይጁቤ ጌሾ ይዛ የምትመጣ፣ ደርቤን እንደ ሥጋ ዘመዷ የምትወድ ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት ካሴ የጀርባዋን ልጅ ልክተባት ቢላት "ደርቤ ከተወጋ የኔም ትወጋለች" ብላው ነበር።

እጀታው ዞረ። ደርቤ በሁለት ዓይኑ፣ ከአህያው ጋር ተሰልፎ፣ ክሊኒክ በር ላይ ታየ።

"ስም?" አለች አለሚቱ በነርሷ ድምፅ።

"የማንን? የኔን ነው የእሷን?"

"የሚከተበውን ነዋ!"

"እንግዲያ የእሷን ጻፊ። እኔ እንኳ ሸኚ ነኝ።"

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ካሴ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። ይህን ቀልድ ቢያዝን ከፋሲካ ጀምሮ ይዞት የቆየ ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛው ሥዕል ድረስ ሰው ሳቁን አላቋረጠም። አሥራ ሁለተኛው ላይ ነርሷ መርፌውን በደርቤ ክንድ ላይ አሳረፈች።

አሥራ ሦስተኛው ላይ ደርቤ አንድ ዓይን ነበረው።

ቢያዝን ከሳጥኑ ኋላ ሳቁ ሲቋረጥ ሰማ። እጀታውን አፈጠነው። ደርቤም በዚያች በአንዲት ዓይኑ አፍጥጦ መሮጥ ጀመረ።

"ዓይኑ!" አለች አልጣሽ።

"መርፌው ነው" አለ አንድ ሽማግሌ።

"ጋኔን ገባበት! እዩትማ ሲሮጥ!"

"አህያይቱ ግን ሁለት ዓይን አላት።"

"እሷማ መች ተወጋች!"

አለሚቱ በደርቤ ድምፅ ጮኸች። "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዓይኔ አለ! በወዲያ በኩል ነው!"

"እስቲ ዙርና አሳየን!" አላት አንዱ ከኋላ።

ደርቤ እስከ አርባኛው ሥዕል አልዞረም። የሚዞርበት ሥዕል አልተሳለለትም። ሠላሳኛው ሳይደርስ ሰው እያማተበ ተነሣ፤ የካሴን ጠረጴዛም እንደ ውሻ ቤት በሩቁ እየዞረ ወጣ።

አቶ ምንይችል ብቻቸውን አጨበጨቡ።

"ግሩም ነው! አርባ ሥዕል በሁለት ቀን! በጎን መሳሉ ደግሞ ትልቅ ዘዴ ነው። ሩጫውንም አንዴ ስለህ አሥር ጊዜ ተጠቀምህበት፤ ውጭ አገርም የሚሠሩት እንዲሁ ነው።"

"ጌታዬ፣ ሰው እኮ አልሳቀም።"

"ስለ ሳቁ አታስብ። ሳቅ በቴፕ የተቀዳ አለን፤ እኛ እንጨምርበታለን።"

የአቶ ምንይችል ላንድሮቨር ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። አቶ ኃይለ ሚካኤል የሥራ ውሉን ወረቀት ኮፈኑ ላይ ዘርግተው ብዕር ያዙለት። በሳምንት ሦስት ጥቅል ይላል።

"ሳይመሽ ዓባይን መሻገር አለብን" አሉ አቶ ምንይችል። "አሁን ከፈረምህ ቦታው ያንተ ነው። ካልፈረምህ ሰኞ ላነጋግረው የቀጠርሁት ሌላ ሰው አለ።"

"ቢያዝን፣ ፈርም" አለች አለሚቱ ቀስ ብላ። "የምንገባበት የለንም።"

ብዕሩን ተቀበለ። ከበሩ በኩል የአልጣሽ ድምፅ ተሰማ። ካሴ መንገድ ዘግቶ ይለምናታል፤ እሷ ልጇን ወደ ደረቷ አዙራ በነጠላ ሸፍናታለች። ከኋላዋ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ምን እንደምታደርግ ቆመው ያያሉ። ቢያዝን ብዕሩን እንደያዘ ወደ እነሱ ሄደ።

"አልጣሽ፣ መርፌው አይደለም። እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነው።"

"ቸኩለህ የሰው ዓይን ታወጣለህ፣ አያ ቢያዝን?"

"ዓይን የሚያጠፋው ፈንጣጣው ነው።"

"እሱንማ መች አጣሁት። የእናቴን ሁለቱንም አጥፍቷል።" ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። "መርፌውም የእሱ ወንድም መሆኑን ዛሬ አሳየኸኝ። ደርቤ ዋሽቶኝ አያውቅም።"

"ይኼ ሥዕል እኮ ነው፣ እኅቴ" አለ ካሴ።

"እና ሥዕል ካልታመነ ምን ሊታመን ነው?"

የላንድሮቨሩ ጥሩምባ ጮኸ። አለሚቱ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው በሁለት እጇ ኮፈኑ ላይ ተጭና ቢያዝንን ታየዋለች።

ቢያዝን የካሴን ወንበር ሳበ። ወንበሩ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ ነበር፤ አንሥቶ ወደ አልጣሽና ከኋላዋ ወደቆሙት ሰዎች አዞረው። ተቀመጠና እጅጌውን ሰበሰበ።

"አንተ አልተከተብህም እንዴ?" አለ ካሴ።

"መች ጊዜ አግኝቼ።"

ጥሩምባው ደገመ። አቶ ምንይችል ሰዓታቸውን አይተው መኪናው ውስጥ ገቡ። ካሴ ወደ መኪናው አየ፤ መርፌውን ከመድኃኒቱ ነከረ።

"አይዞህ፣ ትደርሳለህ። እንደ መብረቅ ነው የምጨርስልህ።"

"ተው" አለ ቢያዝን፤ ሁለት ዓይኑን አልጣሽ ላይ እንደተከለ። "ቀስ ብለህ ውጋኝ።"