ማጭዱና ጨረሩ

ዘይኑልአቢዲን የማጭዱን ጫፍ ከፍሙ አውጥቶ አየው። «ገና አልቀላም» ብሎ መለሰው።

ኩብራ ሻሿን አውልቃ ከፊቱ ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ የወጣው እብጠት ሎሚ አክሏል። ዘይኑልአቢዲን የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ በአልዩ አምባ እባጭ የወጣበት ሁሉ ሊተኮስ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው።

«የደብረ ብርሃኑ ሐኪም እንዳይነካ ብሏል» አለች። «ለጨረሩ ቆዳዬ ደህና መሆን አለበት። ቁስል ካዩ ይመልሱኛል።»

«ጨረሩ ምን ያደርጋል አለሽ?»

«ሥሩን ያቃጥላል። ሳይታይ፣ ሳይነካ።»

«እንግዲያ ያው እሳት ነው። የኔው ደግሞ ባሕር አያሻግርም።»

ባሏ ያሕያ ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «ማሽኑ ያለው ምሥራቅ ጀርመን ነው፤ እዚህ አገር አንድም የለ። ሰኞ አዲስ አበባ ሄደሽ በሽተኛ ውጭ አገር የሚልከው ቦርድ ፊት ብትቀርቢ፣ ከስንቱ ባለሥልጣን ሚስት ኋላ ነው ተራሽ የሚደርሰው? እኛን ማን ያውቀናል?»

እውነቱን ነው፤ ያንገበገባትም እውነት መሆኑ ነው። ሐኪሙ «ማሽኑ የለንም» ሲላት፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የቆመው የብረት ቅስት በመስኮቱ ይታይ ነበር። ለቅስት ብረት ያልቸገረው መንግሥት፣ ለሰው አንገት ሲሆን ቸገረው። ሐኪሙ ግን አልሸነገላትም። ከተላከች የመዳን ተስፋ አላት። ማጭዱ ላዩን ይጠብሰዋል እንጂ ሥሩ ወደ ውስጥ መሄዱን አይተውም ብሏታል።

«ቦርዱ እንቢ ካለኝ እመለሳለሁ» አለች። «ማጭድህ የት ይሄዳል?»

«ያን ጊዜ እብጠቱ ለማጭድ አይመለስም። ያሕያ፣ ያዛት።»

ጫፉ ቀልቷል። ያሕያ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ያዘ። የብረቱ ወላፈን ጆሮዋን ነካው።

«ልቀቀኝ፣ ያሕያ።»

አልለቀቃትም።

«አንተም እንደ ባለሥልጣኖቹ ተራሽ አይደርስም ልትለኝ ነው?»

እጁ ከትከሻዋ ላይ ወረደ።

ዘይኑልአቢዲን ማጭዱን አመዱ ላይ ወረወረው። «ኋላ ደጄን እንዳትረግጪ።»

«ኢንሻአላህ አልረግጥም» አለችና ሻሿን አሰረች።

ደጅ ላይ በቅሎዋ ለአንኮበር ገበያ በርበሬ ተጭና ቆማለች። የአዲስ አበባም መንገድ በዚያው በአንኮበር ዳገት ነው። ያንን ዳገት ኩብራ ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ፣ ከጭነቱ ኋላ ነው የወጣችው።

«በርበሬውን አውርደው» አለችው ባሏን። «ዛሬ እኔ ነኝ የምቀመጥባት።»