ለያኔት የተሰጣት አንድ ቃል

እኔ አስረሳሽ፣ ጄኔቫ ዲፕሎማት ቤት የምሠራ ሴትዮ፣ ፊልም ቀረጻ ምን አግብቶኝ! እህቴ ሚሪያም ናት ጉድ የሠራችኝ። «ልጄን አደራ፤ ዙሪክ ድረስ አብረሻት ሂጂና እንደወሰድሻት መልሺልኝ» አለችኝ። ያኔት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ጄኔቫ፣ ሻትሌን ሰፈር ተወልዳ ያደገች። ፊልሙ ስለተገፉ ወጣቶች ነው አሉ። ዳይሬክተሩ ሬቶ «የሁሉም አገር ፊት አለበት» እያለ ይጎርራል። የእኛ ፊት እሷ ብቻ ናት። እሷም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትታያለች፤ ያውም ስትደበደብ!

«በፊልሙ ስምም የለኝም እኮ አክስቴ፣ አንዲት ቃል እንኳን አልናገርም» እያለች ባቡር ውስጥ ስታዝን አንጀቴን በላችው።

ዙሪክ ዳር፣ ሽሊረን የሚባል ቦታ አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ገባን። ሬቶ በፈረንሳይኛ፣ «ከምር ካመመሽ ምን ብለሽ ታስቆሚናለሽ?» አላት። «በቃ» አለችው። ቤአት የሚባለው፣ የሚመታት ተዋናይም ቃሉን ተለማመደ፤ በቃ ስትል እጁን ይሰበስባል። እሰይ አልኩ። ሬቶ ግን ቃሉን ወደደዋ! «በቃ፣ በቃ... እንዴት ያምራል! እየተመታሽ ይህን በይ» አላት።

ያኔት ዘለለች። «አክስቴ፣ ቴክስት አለኝ! የምናገረው ቃል፣ በአማርኛ!»

«ታዲያ ሲያምሽ ምን ልትዪ ነው?»

«ማስመሰል ነው እኮ! ባክሽ አታሳፍሪኝ።»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ቤአት አየሩን ነው የመታው። ሬቶ አልጣመውም፤ ጠጋ ብሎ በጆሮው አንሾካሾከለት። በሁለተኛው ቀረጻ በጥፊ አጮላት። «በቃ!» አለች። ፀጉሯን ጨምድዶ ከብረቱ መደርደሪያ ጋር አላተማት። «በቃ! በቃ!» ካፍንጫዋ ደም ተንዠቀዠቀ። በጉልበቱ ሆዷን ሲላት እጥፍ አለች፤ ጎትቶ አቆማትና በቡጢ አፏን መታት። የካሜራ ሰዎቹ ፈዘው ያያሉ፤ አንዷማ ልቧ ተነክቶ እንባዋን ትጠርጋለች። ኧረ የሰው ያለህ! ያን ሁሉ አገር የሰበሰበ ሰውዬ፣ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው አጣ?

እኔ ግን ልጄ ስታስመስልና ሲያማት ለይቼ አውቃለሁ። ዓይኔ ደም ለበሰ። አንዱን የመብራት ብረት ነቅዬ ቤአትን ጀርባው ላይ አሳረፍኩበት። ሲዞር ደገምኩት፤ ከንፈሩ ተተረተረ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ! ሬቶ ሊይዘኝ ሲመጣ እጁን ነከስኩት፤ ደሙ ምላሴ ላይ እስኪመጣ አልለቀቅኩትም። ሁለት ጎረምሶች ክንዴን ጠምዝዘው አስለቀቁኝ።

ሬቶ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ በጀርመንኛ የሆነ ነገር አዘዘ። ቤአት ከንፈሩን ጠርጎ ተነሣ። አንዷ መጥታ የያኔትን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ጀመረች። የፊት ጥርሷ ተሰብሯል።

«ነይ ውጪ! ፖሊስ እንጠራለን፤ አሁኑኑ ወደ ቤታችን!» ብዬ ጮህኩ።

ያኔት ደም ተፋች። ወደ መደርደሪያው ተመልሳ ቅድም የቆመችበት ላይ ቆመች። ጎረምሶቹ እኔን ወደ በሩ እየጎተቱኝ ነበር።

«ምን አረግሽ አክስቴ?» አለችኝ እያለቀሰች። «ካሜራ ውስጥ ገባሽ እኮ! ቀረጻው ሊያልቅ ነበር። አሁን እንደገና ሊመታኝ ነው።»