ሰንበር ያየ ዓይን

ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ «ማጉያው» ይሉኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥሬ ቆዳ ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋሁ ደረጃ ስሰጥ ኖሬአለሁ። በሬውን መዥገር በልቶት እንደሆነ፣ እሾህ ቧጭሮት እንደሆነ፣ ባለቤቱ በዱላ ቀጥቅጦት እንደሆነ ቆዳውን አይቼ እናገራለሁ። «ሰው ይዋሻል፣ ቆዳ አይዋሽም» እያልኩ የስንቱን ነጋዴ አፍ አስዘግቻለሁ። ጉራዬን ከወዲሁ ልናገር ብዬ ነው፤ የሆነው ሁሉ የመጣው ከሱ ነው።

ያን ቀን ለምሳ እኅቴ ቤት ጎራ አልኩ። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከፊት፣ መኖሪያቸው ከኋላ፣ መሀሉ ላይ መጋረጃ። እኅቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራለች። ስታየኝ ቀሚሷን ጎትታ ሸፈነችው፤ ዓይኔ ግን ቀድሟት ነበር። ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ወይን ጠጅ መስመር እንደ መረብ ተሰርቶበታል። በየመሀሉ ቀይ እብጠት ጓጉሏል፤ አንዱ ፈንድቶ ቆስሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በሽታ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሐኪሙ ከቆዳዬ ትንሽ ቆርጦ ወስዷል፤ ውጤቱ ነገ ይደርሳል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለማውቅህ ነዋ! አንተ በሽታም ቢሆን የምትደበድበው ሰው ትፈልግለታለህ።»

አልሳቅሁም። እናታችንም «ወድቄ ነው» ትል ነበር። አባታችን በቀበቶ ሲገርፋት አይተን ነው ያደግነው። ገበታ ላይ ጨው ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ እንኳ እናቴ ክርኗን ፊቷ ላይ ታደርግ ነበር። ካደግሁ እገድለዋለሁ ብዬ ምዬ ነበር፤ ሳላድግ በአልጋው ላይ ሞተ። ቂሜ ባለቤት አጥቶ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

የኤሌክትሪክ ገመድ ነው አልኩ በልቤ። ባሏ አጥፎ፣ ደርቦ ነው የገረፋት። ሰንበር ማንበብ ሥራዬ አይደል?

«እስከ ነገ ጠብቅ» አለችኝ እጅጌዬን ይዛ። እጄን መንጭቄ መጋረጃውን ገለጥኩት።

ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ አቀርቅሯል። «እንኳን ደህና መጣህ ወንድም ጋሼ፣ ምሳ...» ሳይጨርስ በቡጢ አፉን አልኩት። ከነወንበሩ ተገለበጠ። ማጉያው ተሰበረ፤ ጥቃቅን ብሎኖች ወለሉ ላይ ተዘሩ። በአንገትጌው አንስቼ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት፤ የተሰቀሉት ሰዓቶች በላያችን ላይ ረገፉ።

«ገመዱ የታለ? የመታህበት ገመድ!»

«ምን ገመድ?» ደሙን እየተፋ።

ጎኑን በጫማዬ ረገጥኩት። አንድ ቡጢ እንኳ አልመለሰልኝም፤ እሱ ይበልጥ አሳበደኝ። ጥፋቱን ቢያውቅ ነው አልኩ። ዓይኔ ደም ለበሰ። ቀኝ እጁን ጠምዝዤ ጣቶቹን መሳቢያው ውስጥ አስገባሁና በጉልበቴ ዘጋሁት። ደገምኩት። በሁለተኛው የተሰበረው እንጨት አልነበረም።

እኅቴ በዚያ እግሯ እየተንፏቀቀች መጥታ ጀርባዬ ላይ ተንጠለጠለች፤ ጆሮዬን እስኪደማ ነከሰችኝ። «እጁን! አንተ ጨካኝ፣ እጁን!»

መሳቢያው ተነቅሎ ወደቀ። ውስጡ በልክ በልኩ ተቆርጦ የተጠቀለለ ፋሻ ነበር፤ ከሥሩ አንድ ደብተር። እያንዳንዱ ገጽ ላይ በስስ እስክሪብቶ የእኅቴ እግር ተስሏል። ቀኑ፣ የእያንዳንዱ እብጠት ስፋት፣ ማታ የት የት እንዳመማት ሁሉ ተጽፏል። የሦስት ወር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የማደርገው ጠፍቶኝ ተንበርክኬ ብሎን መልቀም ጀመርኩ።

ሆስፒታል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ነርሷ ያበጠ ፊቱን አይታ «ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?» ስትለው፣ ወደ እኔ ሳያይ «ወድቄ ነው» አላት። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ሐኪሙ ውጤቱን ነገረን። «የቆዳዋ ትንንሽ የደም ቧንቧዎች ተቆጥተው ነው። ብዙ የማይታይ በሽታ ነው። ሰውነቷን የሚጠብቀው ኃይል የገዛ ደም ሥሯን ጠላት መስሎት ያጠቃዋል።»

«የራሱን? ለምን?» አልኩ።

«አናውቅም። ይሳሳታል።»

ስለ እኔ የሚያወራ መሰለኝ። ደግነቱ ኩላሊቷም ሌላውም ደህና ነው፤ በመድኃኒት ይረግባል አለን። «ቁስሉ ግን በየቀኑ በቀላል እጅ ይታጠብ» ሲል፣ ሦስታችንም በጀሶ የታሸገውን የባሏን እጅ አየን።

«እኔ አጥባታለሁ» አልኩ። እኅቴ የባሏን ደህና እጅ ያዘች።

በነጋታው ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ፤ ሳፋውንም ሞላሁ። ሰዓት ሠሪው አጠገቧ ተቀምጦ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ትእዛዝ ይሰጠኛል። «ውሃው ለብ ይበል። ከላይ ወደ ታች። እብጠቱን አትጫነው።» ከማዘዝ በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስታቃስት ደህና እጁን ድንገት አነሳና ከግንባሯ ላይ ፀጉሯን መለሰላት። እኅቴ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ሃያ ሁለት ዓመት ቆዳ ሳይ የኖርኩ ሰው፣ ይህን አንድ ቀን ልብ ብዬ አይቼ ቢሆን ኖሮ።

ፋሻው ከትራሷ አጠገብ ነበር። ላነሳው እጄን ስዘረጋ፣ እኅቴ ክርኗን ፊቷ ላይ አደረገች።

«ፋሻውን ነው» አልኳት። «ፋሻውን ላነሳ ነው፣ እኅቴ።»

ክርኗን አላወረደችም።