ያልመጣ መኪና ተራ የለውም

ጋሽ ፊሽካ መኪና የላቸውም። መንጃ ፈቃድም ኖሯቸው አያውቅም። እንዲያም ሆኖ ያን ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከትልቁ አዳራሽ ፊት ለፊት፣ በሁለት ነጭ መስመሮች መካከል፣ የአንድ መኪና ማቆሚያ ይዘው ቆመዋል። የለበሱት ለልጃቸው ምርቃት ያሰፉትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ደረታቸውን ነፍተው ላያቸው ሰው የአዳራሹ ባለቤት ይመስላሉ።

ፊሽካ የሚለው ቅጽል ስም ከሥራቸው የመጣ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚኒባስ መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪ ነበሩ። የቱ ቀድሞ እንደሚጭን፣ የቱ ከኋላ እንደሚሰለፍ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሾፌር መቼም ብልጥ ነው፤ ረዳቱን አስቀድሞ ይልክና «መኪናችን ነዳጅ እየቀዳች ነው፣ ተራዋን ያዙላት» ያስብላል። ጋሽ ፊሽካ ፊሽካዋን ከአፋቸው አውጥተው የሚመልሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ያልመጣ መኪና ተራ የለውም።» ይቺን ቃል አማላጅም ቁጣም አላስለወጣቸውም። አብራቸው ቤት ድረስ ትገባ ነበር። ለእራት የዘገየ ልጅ የሚቀበለው በእሷ ነው፤ ልጆቹም ድምፃቸውን አጎርንነው እየደገሟት በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ሳቁ የቀረው የልጆቹ እናት የሞተች ጊዜ ነው። ወንዱ ልጅ ሩቅ ከተማ ይሠራል። መርዶውን ሰምቶ ሲበር መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽታበት፣ የደረሰው ቀብሩ ካበቃ በኋላ ነበር። አባቱን ሊያቅፍ እጁን ዘርግቶ ሲሮጥ፣ ሐዘን ያቃጠላቸው ጋሽ ፊሽካ በሰው ሁሉ ፊት ያቺኑ ቃል ወረወሩበት። ልጁ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። የእናቱን መቃብር አንድ ጊዜ አየና ሄደ፤ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጋሽ ፊሽካ ያቺን ቃል መልሰው ሊውጧት ያልተመኙበት ቀን የለም፤ ነገር ግን «አጥፍቻለሁ» ማለት የሚባለውን ነገር ተራ ማስከበር አላስተማራቸውም።

ነገሩን የቆሰቆሰችው ሴቷ ልጅ ናት። የጥርስ ሐኪም ሆና ልትመረቅ ነው። ፊት ለፊት ሦስት ጥርስ የጎደላቸውን አባቷን «የመጀመሪያው በሽተኛዬ አንተ ነህ» ስትላቸው፣ «ሳቁማ ነበረኝ፤ የጠፋው ጥርሱ ነው» ይሏታል። ለእያንዳንዱ ተመራቂ ሁለት የጥሪ ወረቀት ይሰጠዋል። አንዱን ለአባቷ ሰጠች፣ ሌላውን ለወንድሟ ላከች። ሁለታችሁም ካልመጣችሁ ዲግሪውን ቢሰጡኝም አልቀበል ብላ ስትዝት፣ ወንድሟ በመኪናዬ እመጣለሁ አላት።

ጋሽ ፊሽካ ይህን ሲሰሙ የታያቸው ማቆሚያው ነው። በምርቃት ቀን በዚያ አዳራሽ ዙሪያ እንኳን ለመኪና ለመርፌ መጣያ ቦታ አይገኝም። ልጄ ስንት ዘመን ቆይቶ መጥቶ ማቆሚያ አጥቶ ቢመለስስ ብለው ሰጉ። ስለዚህ ማልደው ሄደው ቦታ ያዙ። ለማንም አልነገሩም። መንገሩማ ቀላል ነበር፤ እሳቸው የፈለጉት ግን ልጁ ራሱ እንዲያይ ነው። መሪውን እንደያዘ ቀና ሲል፣ ያልመጣ መኪና ተራ የለውም ያሉት አባቱ ላልመጣች መኪናው ተራ ይዘው እንዲያገኛቸው። አፋቸው እምቢ ያለውን ነገር እግራቸው እንዲናገርላቸው አሰቡ።

ቢጫ ሰደርያ የለበሰች የፓርኪንግ ሠራተኛ መጥታ «አባባ፣ መኪናው የታለ?» አለቻቸው።

«እየመጣ ነው» አሉ። ጆሯቸው ጋለ። ይህን መልስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሰሙት እንጂ ሲሉት ኖረው አያውቁም። ልጅቷ በሰው መያዝ ክልክል መሆኑን ብታስረዳቸውም፣ ሙሉ ልብሱን አየችና ሽበቱን አየችና ሌላ ሥራ እንዳላት አስመስላ ሄደች።

ሾፌሮቹ ግን ሽበት አላዩም። አንዱ ሰደበ፣ ሌላው ለመነ። ሌላው ደግሞ በመስኮት ብቅ ብሎ ሞዴላቸው የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጠየቃቸውና እሳቸውም አብረውት ሳቁ። ያላሳቃቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጎልማሳ ነው፤ ከጎኑ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረጉ አሮጊት እናቱ፣ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። እናቴ እግራቸውን ታመዋል፣ ሩቅ መሄድ አይችሉም፣ ስለ እሳቸው ብለው ይልቀቁልኝ አለ። ጋሽ ፊሽካ መናኸሪያ ቢሆን ኖሮ ሰልፉን ሁሉ አስቁመው ያስገቧቸው ነበር።

«ተይዟል» አሉ።

ሴትዮዋ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ልጃቸውን እንሂድ አሉት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከመንገዱ ማዶ፣ በምርኩዝና በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ አንድ እርምጃ ተራምደው አንድ ጊዜ እያረፉ ወደ አዳራሹ ሲመጡ ጋሽ ፊሽካ አዩዋቸው። ፊታቸውን አዙረው የማንም ያልሆነ ግንብ ሲመለከቱ ቆዩ።

ሦስት ሰዓት ላይ በሮቹ ተዘጉና ፕሮግራሙ ተጀመረ። የአዳራሹ ድምፅ በውጪ ግድግዳ በተሰቀለ ስፒከር ይሰማል። የመድረክ መሪው፣ የተመራቂው ስም ሲጠራ ቤተሰቡ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እንዲያጨበጭብ አሳሰበ። ጋሽ ፊሽካም በልባቸው አሰሉ፤ የጥርስ ሐኪሞች ተራ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ልጁ ይደርሳል፤ የጥሪ ወረቀታችንን አሳይተን ተያይዘን እንገባለን፤ ሁለት ሆነን እንነሳላታለን።

አራት ሰዓት ላይ ስልካቸው ጮኸ። በሦስት ዓመት ውስጥ የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። «አባዬ፣ አደባባዩ ጋ ነኝ። መንገዱ አልንቀሳቀስ ብሏል» አለ፤ ድምፁ ወፍሯል። ቦታ ይዤልሃለሁ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር።

«እሺ፣ ና» አሉ ብቻ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስፒከሩ የጥርስ ሐኪሞችን መጥራት ጀመረ። አንድ ስም፣ ጭብጨባ። ሌላ ስም፣ ጭብጨባ። የጋሽ ፊሽካ ጉልበት ወደ አዳራሹ ይላል፣ ዓይናቸው ወደ አደባባዩ ይላል። ቦታዋን ለመንጠቅ ሦስት መኪኖች አድፍጠዋል፤ ንቅንቅ ቢሉ አለቀላት። አንድ ስም ይቆይ፣ አሁን ይደርሳል፣ አንድ ስም ብቻ ይቆይ አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህን ጊዜ ነው። ከሦስቱ መኪኖች አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ ክላክሱን ተጫነውና ምድር ቀውጢ ሆነች። ክላክሱ ሲያበቃ ከስፒከሩ አንድ ስም ብቻ ተረፈ፤ የአባትየው ስም። የገዛ ስማቸው። የልጅቷን ስም ክላክሱ በልቶት ነበር።

ባሉበት ደርቀው ጆሯቸውን አቆሙ። ጭብጨባ አልነበረም። አዳራሹ ጭጭ እንዳለ ብዙ ቆየ፤ ለእሳቸው ዓመት መሰላቸው። ከዚያ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጭብጨባ ተነሳና ቤቱን ሞላው። ቀጣዩ ስም ተጠራ።

ስልኩ እንደገና የጮኸው ያኔ ነው። ልጁ፣ በኋላ በር በኩል መጥቶ እንደነበር፣ ጥበቃው ማቆሚያው ሞልቷል ብሎ እንደመለሰው፣ አሁን ከከተማው እየወጣ መሆኑን ነገራቸው። እኅቱን እንኳን ደስ ያለሽ እንዲሉለትም ለመነ።

«ደውለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉ ጋሽ ፊሽካ።

«ዘግይቼ ነበር፣ አባዬ። ስዘገይ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።»

«ቦታ ይዤልህ ነበር እኮ» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ። ከፊት ለፊቱ በር፣ እዚሁ ቆሜ።»

ልጁ የሚነዳት መኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ «ለምን አልነገርከኝም?» አለ፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ሳለ እንደ ድሮው እንደ ልጅነቱ ነው ያለው። ልጁ ትንሽ ጠብቆ፣ እሺ አባዬ፣ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እንግዲህ ለምን እንደቆሙ ሳያውቁት እዚያው ቆዩ። በሮቹ ተከፍተው ሕዝቡ ሲጎርፍ፣ ልጃቸው በጥቁር ጋዋንዋ ሰዉን እየሰነጠቀች መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። እዚህ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀቻቸው። ነገሯት፤ ማልደው መምጣታቸውን፣ ወንድሟ የኋላውን በር አይቶ መመለሱን፣ ሁሉንም። ሁለቱን ነጭ መስመሮች አየች፣ አቧራ የለበሰ ጫማቸውን አየች።

«እኔም እኮ ቦታ ይዤልህ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻላቸው ነበር።

ሁለት ወንበር ላይ ሻሿንና ቦርሳዋን አኑራ፣ ከስንቱ ጋር ተጨቃጭቃ፣ እየመጡ ነው እያለች እስከ ሦስት ሰዓት አቆይታ ነበር። በሮቹ ሲዘጉ አስተናጋጁ ለቆሙ ሰዎች ሰጠባት።

«ስሜ ሲጠራ ዞር ብዬ አየሁ» አለች። «የሚነሳ አልነበረም። መራመድ አቃተኝ፣ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ያንተ ወንበር ላይ አንዲት ሴትዮ አስቀምጠው ነበር፤ አላውቃቸውም። ሰው እንደሌለኝ ሲገባቸው ለእኔ ሊነሱ ተንጠራሩ። በምርኩዝ ነው፣ አባዬ። ቶሎ መነሳት አይችሉም። ቀጥ ብለው እስኪቆሙ አዳራሹ ሁሉ ጠበቃቸው። መጀመሪያ ያጨበጨቡልኝ እሳቸው ናቸው።»

ጋሽ ፊሽካ ሻርፓቸው አረንጓዴ እንደሆነ አልጠየቁም። እጃቸውን ወደ ልጃቸው ትከሻ ዘረጉ፤ እሷም አልሸሸችም፣ ግን አልተጠጋቻቸውም።

አንድ መኪና ጥግ ይዞ ቆመና ሾፌሩ ቦታውን ሊለቁት እንደሆነ በትሕትና ጠየቃቸው። አዎ አሉት፤ ከመስመሩም ወጡ። ልጃቸው ቀድማቸው መንገዱን ስትሻገር፣ መኪናው ከኋላቸው ገብቶ ሞተሩን አጠፋ።