የመምህር ፈቃደ መቀርቀሪያ

«የቡታጅራ ሰው ሆይ፣ ሥራህን አቁም፣ ጆሮህን ስጥ! ከዛሬ ጧት ጀምሮ የመምህር ፈቃደ በር መቀርቀሪያ በዕድሩ ውሳኔ ተነቅሏል!»

የዕድሩ ጥሩምባ እስከዚያ ቀን ለሞተ ሰው እንጂ ለብረት ተነፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ግማሹ ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ሟች የለም ሲባል ቅር ያለውም አልጠፋ።

ፈቃደ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ባለፈው ወር ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ፣ ጎረቤቱ ቆዳ ነጋዴው ሰይዶ ደርሶ አተረፈው። ያከመው ድሬሰር የዕድሩን ዳኛ አቶ ካሳሁንን ጠርቶ፣ «አንዴ የሞከረ ሰው እንዳይደግም ያሰጋል። ከብቸኝነት፣ ከሥራ ማጣት፣ ከመጠጥ፣ ከኀፍረት ጠብቁት» ሲል መከረ።

አቶ ካሳሁን ጠበቀው። ሥራው እንዳያስጨንቀው ብሎ ለትምህርት ቤቱ አመለከተ፤ ክፍሉ ለሌላ ተሰጠ። ሚስቱ ብርቄ እንዳትሸበር ወልቂጤ ወላጆቿ ዘንድ ላካት። ሰይዶን «አንተን ባየ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለዋል» ብሎ ደጁን ከለከለው። ሐሳቡን እንዲረሳም አረቄ አስላከለት።

ቀረ ኀፍረቱ። ለእሱም ማንም እንዳሻው ገብቶ እንዲያጽናናው መቀርቀሪያው ተነቀለ፤ የዕድሩ አግዳሚ ወንበርም ገባ። ዕድር ሌላ ሙያ የለውምና ሰዉ ለቅሶ እንደሚደርስ ደረሰ። ንፍሮ ተቀቀለ። ፈቃደ መሀል ተቀምጦ የራሱን ንፍሮ ዘገነ፤ ከግድግዳው ላይ ጃንሆይ ሳይቀሩ ያዩታል።

«ለምን ግን?» አሉት እትዬ ተናኘወርቅ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እትዬ፤ ከዚያ ልቤ ጨለመ...»

«ኧረ ተወኝ! እኔስ መቼ ተኝቼ አውቃለሁ?»

«ያውም የሒሳብ አስተማሪ!» አለ ከጥግ አንዱ። «እንዴት ስሌቱ ይሳሳትበታል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፈቃደም አብሮ ሳቀ፤ ካልሳቀ «ተመልሶበታል» ሊሉ ነው። ለመጣው ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳ። አስረድቶ ሲጨርስ «ይሄማ ምክንያት አይሆንም» እያሉ ንፍሯቸውን ይዘግናሉ።

በሰነበተ ቁጥር ያ የዚያን ሰሞን ሐሳብ እንደገና ሲገባ ተሰማው። ደግሞስ በየት በኩል ይከልክለው? ይህን ለአንድ ሰው፣ በር ዘግቶ፣ ሳይሳቅበት መናገር ብቻ ነበር የፈለገው። ካልተናገረው እንደሚውጠው አውቆታል።

በገበያ ቀን ቤቱ ጭር ሲል ሰይዶ መዶሻና አዲስ መቀርቀሪያ ይዞ ገባ።

«መምህር፣ ምስማሩን ያዝልኝ።»

መትቶ ጨረሰና ከውስጥ ቀረቀረው።

«ተመልሶብኛል፣ ሰይዶ።»

«ፊትህ ነገረኝ እኮ። ዛሬ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ነገ አብረን አታት ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ብርቄንም ከወልቂጤ እናመጣታለን። አሁን አውራኝ።»

ፈቃደ አወራው። ሰይዶ «ለምን?» አላለም።

የመዶሻው ድምፅ ግን ገበያ ድረስ ተሰምቶ ኖሯል። ደጁ በሰው ሞላ። «ጥሩምባውን አቅርቡት፣ ሳያስፈልግ አይቀርም!» የሚል ተሰማ። አቶ ካሳሁን በሩን በከዘራ ደበደበ።

«ፈቃደ! ይህን ሁሉ ደክመንልህ በር ትዘጋብናለህ? ከዚህ ቆዳ ነጋዴ ጋር ምን ትዶልታለህ? አሁኑኑ አስረዳ!»

ፈቃደ ወደ በሩ ጠጋ አለ።

«አላስረዳም።»