የፀጉር አስተካካዩ ጢም

ሰፈሩ «እጀ ሐር» ይለዋል። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲንሸራተት እንቅልፍ ያሸለበው ደንበኛ ብዙ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ስሙ ከብዶታል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ አንታጠፍም ይሉታል፤ ትከሻውን ይቆረጥመዋል፤ ጭኑ ይዝላል። ሰው በሙቀት ሲቀልጥ እሱ ሹራብ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ «ኧረ ሐኪም ቤት ሂድ» ስትለው «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ይላታል። ወንድ ሲፈራ በብርድ ያሳብባል።

የፈራው ሐኪም «ምላጭህን ስቀል» እንዳይለው ነው። ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውም።

በሚሠራበት ሱቅ ፀጉር አስተካካይ ራሱን አይላጭም፤ እሱና የጎን ወንበሩ ባልደረባ እየተፈራረቁ ሲላላጩ ኖረዋል። እጁ ሲከዳው ግን የባልደረባውን ጉሮሮ መንካት ፈራ። «ጢም ላሳድግ ነው፤ አንተም አሳድግ» አለና ውሉን አፈረሰ። ጢሙ አንገቱ ድረስ ወረደ። ባልደረባው ተቀይሞ ጢሙን ሌላ ፀጉር ቤት እየሄደ መላጨት ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ደንበኛው የሆኑ ጡረተኛ መምህር ወንበሩ ላይ አገጫቸውን ቀና አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጀ ሐር ምላጩን ከጆሯቸው ሥር ወደ ታች ሳበ። ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ደረቁ። ለቅቆ እንዳያነሳው ጣቱ አይዘረጋ፤ ገፍቶ እንዳይጨርሰው ክንዱ አይታዘዝ። ሽማግሌው ምራቃቸውን ሊውጡ ሲሉ ጉሮሯቸው ከምላጩ ሥር ተንቀሳቀሰ።

«እንዳይውጡ፣ ጋሼ» አለ በጎረነነ ድምፅ።

አረፋው ላይ አንዲት ቀይ ነጠብጣብ ብቅ አለች። ባልደረባው ከጎን ደርሶ አንጓውን ያዘና ምላጩን ቀስ አድርጎ ተቀበለው። «ጋሼ፣ የቀረውን እኔ ልጨርስልዎ» አለ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

ሱቁ ባዶ ሲሆን ባልደረባው ወንበሩን አዞረ።

«ተቀመጥ።»

«ለምን?»

«ልላጭሃ። ተራህ ካለፈ ስንት ጊዜው።»

ለመከራከር አቅም አልነበረውም። ጢሙ እየተራገፈ ሄደ። አንገቱ ጋ ሲደርስ የባልደረባው እጅ ቆመ።

«ይሄ እብጠት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መስታወቱን አየ። ከማንቁርቱ በታች አንገቱ አብጧል። ቀኑን ሙሉ የሰው አንገት ሲያይ የሚውል ሰው የራሱን በጢም ሸፍኖ ከርሟል።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አሉ። እጄ አልበቃ ብሎ አንገቴ» አለ ሊስቅ እየሞከረ። ባልደረባው አልሳቀም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ ግን ሁለቱ መከራ አንድ ነው አለችው። ደሙን አስመርምራ፣ «አንገትዎ ላይ ያበጠው የታይሮይድ ዕጢዎ ነው፤ ሥራው ቀንሷል። የመገጣጠሚያዎም የጡንቻዎም ሕመም፣ ብርዱም ድካሙም ከዚያ ነው። ኪኒኑን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ይውሰዱ። ቶሎ አይለቅም፤ ይታገሡ» ብላ አስረዳችው።

«ምላጬንስ ልስቀል?»

«እጅዎ እስኪመለስ ብቻ።»

ፀጉር በማሽን ብቻ እየቆረጠ ወራት አሳለፈ። ጣቶቹ መታጠፍ ጀመሩ፤ ሹራቡም ወለቀ። ምላጩ ግን ከመሳቢያው አልወጣም። እጁ ድኖ ልቡ አልዳነም።

አንድ ጠዋት ሱቁ ሲገባ ባልደረባውን እሱ በሚሠራበት ወንበር ላይ አገኘው። ፎጣውን ራሱ አስሮ፣ አረፋውን ራሱ ተቀብቶ ይጠብቀዋል።

«ሌላ ቤት መላጨት ሰለቸኝ» አለና አገጩን ቀና አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

እጀ ሐር መሳቢያውን ሳበ፤ ምላጩን አውጥቶ ከጆሮው ሥር ጀመረ። ጉሮሮው ጋ ሲደርስ ቆመ። አሁን ያቆመው ፍርሃት እንጂ ጣቱ አልነበረም። ሊያነሳው ሲል ከሥሩ ቀጭን ማንኮራፋት ሰማ። አጅሬን እንቅልፍ ወስዶታል።

እንዳይቀሰቅሰው እየተጠነቀቀ ምላጩን ወደ ታች ሳበ።